የቃለ ሕይወት ተራ

በኛ ወደብ ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ጀልባ ነጂ ተራው ይታለፋል። ይህን ሕግ ያመጣብን ቃለ ሕይወት ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። እኔ አብዱልመጂድ ግን እስከ ዛሬ አልወደድሁትም። ሕጉን ማለቴ ነው እንጂ ሰውየውንማ!

ዱሮ እንዲህ ነበር እንዴ? ጣና ዳር ዛሬ ዘንባባ የተተከለበት፣ መንገድ የተነጠፈበት ሁሉ ጭቃ ነበር። ከአውቶቡስ የወረደ ተሳፋሪ ብቅ ሲል ጀልባ ነጂው ሁሉ ይሻማዋል። እኔ «ዘጌ! ዘጌ! ክብራን ገብርኤል!» ብዬ ስጮህ ድምፄ መናኸሪያ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ወላሂ አልዋሽም። አባቴ የደንገል ታንኳ ሠሪ ነበርና ጉሮሮዬ በሐይቅ ንፋስ ተገርቷል። ቃለ ሕይወት ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ቅኔ ይማር ብለው ቢልኩት ጥሎ መጥቶ ሞተር ጀልባ ያዘ። ድምፁ እንደኔ አይደርስም፣ ግን ምላሱ! ገዳም ለመሳለም የመጡትን እናቶች በግዕዝ እየመረቀ ከጀልባዬ አፍ ላይ ይወስድብኛል።

አንድ ቀን አንድ ረዥም ፈረንጅ መጣ። እኔ ሻንጣውን ያዝሁ፣ ቃለ ሕይወት ክንዱን ያዘ። ማን ይልቀቅ? ሻንጣው በኔ ጀልባ ዘጌ ገባ፤ ፈረንጁ በሱ ጀልባ ደብረ ማርያም ገዳም ተሻገረ። ሻንጣ ታቅፌ ባለቤቱን ስጠብቅ ዋልሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

የከተማው ሹሞች ግን አልሳቁም። ሰበሰቡንና «በማኅበር ከተደራጃችሁ የወደቡን ቦታ በነፃ እንሰጣችኋለን፤ መጠለያ እንሠራለን፤ እስክትቋቋሙ ግብር አንጠይቅም። እናንተ ደግሞ መሻማቱን ትታችሁ በተራ ትሠራላችሁ» አሉን።

ብድግ አልሁ። «ተራ የሰነፍ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ግማሹ ሰው አጨበጨበልኝ።

ያ የመሪጌታ ልጅ ተነሣ። ከኋላ የተቀመጠውን ሙኽታርን በጣቱ አሳየ። ሙኽታር ተብታባ ነው፤ «ዘጌ» ብሎ እስኪጨርስ ተሳፋሪው ዘጌ ደርሶ ይመለሳል።

«ይኸ ሰው በማዕበል ከሁላችን የተሻለ ነጂ ነው» አለ። «ልጆቹ ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ለምን? መጮህ ስለማይችል። እስኪ ንገሩኝ፣ ጀልባ የሚነዳው በጉሮሮ ነው?»

ጭብጨባው ወደሱ ዞረ። ተረታሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ስሙ ተጠርቶ አቤት ያላለ ይታለፍ የሚለውንም ሕግ ያኔውኑ እሱ አስጸደቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሙኽታር የሣር ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ልጆቹም ደብተር ይዘው ሲሄዱ አየን። ከዘንዘልማና ከግሽ አባይ ሰፈር ወጣቶች እየተደራጁ መጡ። ሰው ተረጋግቶ ተራውን መጠበቅ ሲጀምር ሻይ ቤቱም ዓሣ ጥብስ ቤቱም መጠለያው ሥር ተከፈተ። እኔም ብሆን አኮረፍሁ እንጂ አልጎደለብኝም። ግን ያ ጩኸት ይናፍቀኛል። ጉሮሮዬ ሥራ ፈታ።

ሕጉ መጀመሪያ የመታውም እኔኑ ነው። የዒድ ለት ሰግጄ ስመጣ ተራዬ ታልፏል። ቃለ ሕይወትን ጥሬውን ብበላው ደስ ባለኝ። እሱ ግን በማግሥቱ ማኅበሩን ሰብስቦ «በዓል የሄደ ሰው ቀረ አይባልም፤ ጓደኛው አቤት ይበልለት» ብሎ አስወሰነ። ከዚያ ወዲህ በዒድ «አብዱልመጂድ!» ሲባል የመሪጌታው ልጅ «አቤት!» ይላል፤ ጀልባዬን ነድቶ የቀኑን ገቢ ለሚስቴ ለዘኪያ ያስረክባል። በጥምቀት ደግሞ እኔ ስለሱ አቤት እላለሁ። ስንት ዘመን እንዲህ ኖርን!

ባለፈው ክረምት ቃለ ሕይወት ታመመ፤ ሳይውል ሳያድር አረፈ። ቀብሩ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ፤ ምን ያሳፍራል? ሚስቱ የሺመቤትና ልጁ ርሆቦት የሚኖሩት በዚያችው ጀልባ ገቢ ነው። ርሆቦት ከአባቷ ጋር ሞተር ስትነዳ ያደገች ልጅ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ግን ገና አላወጣችም። ሕጉ ደግሞ ደጋግሞ የጠፋውን ይሰርዛል፤ ቦታው ደጅ ለሚጠናው ወጣት ይሰጣል። ወጣቱም ክፉ አይደለም፣ እንጀራውን ነው የሚፈልገው። ተራው ከተሰረዘ ግን ጀልባዋ እንደታሰረች መበስበሷ፣ የሺመቤትም ባዶ እጇን መቅረቷ ነው።

ተራ አስከባሪያችን አካሉ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ሰነበተ። አንድ ጧት «ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ እጠራዋለሁ፤ ሕጉ የራሱ የሟቹ ነው፣ ምን ላድርግ» አለንና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቃለ ሕይወት!»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

«አቤት!» አልሁ። ያ የዱሮ ድምፄ ሳላውቀው ወጣ፤ መናኸሪያ ሳይሰማ አልቀረም።

አካሉ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ አብዱልመጂድ፣ ለሰው አቤት የሚባለው እኮ በበዓል ነው።»

«በዓል ሄዷል።»

«የምን በዓል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የእናንተ በዓል መች ያልቅና? ይልቅ ቀጥል!»

ከኋላ ሙኽታር ተነሣ። በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ሙኽታር!

«ተ… ተ… ተራው ይሰጠው» አለ።

ማንም አልተቃወመም። አካሉ ቀጣዩን ስም ጠራ፤ የኔ ነበር።

ክረምቱ አልፎ በጋው እስኪጋመስ በየጧቱ ሁለት ጊዜ አቤት አልሁ። ጀልባዋን እየተፈራረቅን ነዳንላቸው፤ ርሆቦትም አጠገባችን እየተቀመጠች ለመንጃ ፈቃዱ ተለማመደች። ስሙ ሲጠራ አንዳንዴ ከኋላዬ የሚመጣ ይመስለኝና ዞር እላለሁ። «መጂድ፣ ጉሮሮህን ቆጥብ» ይለኝ ነበር፤ ይኸን ያህል ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብሁም።

ትናንት ርሆቦት መንጃ ፈቃዷን ይዛ እየሮጠች መጣች። ዛሬ ጧት አካሉ ደረቱን ነፍቶ «ርሆቦት ቃለ ሕይወት!» ብሎ ጠራ።

«አቤት!» አለች ልጅቱ።

እኔም «አቤት!» ብያለሁ። የነቃሁት ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሙኽታር ሳይቀር። ርሆቦት ግን አልሳቀችም። ወደኔ መጥታ እጄን ያዘችና «ጋሼ፣ ነገም ይበሉልኝ» አለችኝ።

«አይሆንም፤ ሕግ አለ» አልኋት፤ እኔ! ከዚያ ፈጠን ብዬ ወደ ጀልባዬ ወረድሁ፤ እንባዬን የጠረግሁት እዚያ ነው።