ጀፎረው ላይ የቆመው ቤት

የምስለኔው ዘበኛ ሸረፋ የሳሎኑን ወለል በቀይ ሰም ሲያሽ የውጭውን ጫጫታ ሰማ። ወደ በረንዳው ሲወጣ የመንደሩ ሰዎች የሃሊማን አስከሬን በቃሬዛ ተሸክመው ከሽቦው አጥር ፊት ቆመዋል። ዝናቡ ገና አላባራም።

"ክፈት" አሉ ሽማግሌው ሰይዶ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"የአጥሩ በር ቁልፍ ምስለኔው ጋ ነው፣ አባ ሰይዶ።"

"ሽቦውን ስትቸነክር መዶሻው ያንተ ነበር። ለመክፈት ሲሆን የምስለኔው ሆነ?"

የፈረንጆች ማዕድን ፈላጊ ኩባንያ ይህን ቤት ለእንግዳ ማረፊያ የሠራው ጀፎረው ላይ፣ የመንደሩ ሰፊ የሣር መንገድ መሀል ነው። በመስቃን ጀፎረ ላይ ጎጆ ቀርቶ ካስማ አይተከልም። ፈረንጆቹ ግን የድንጋይ መሠረት ጣሉ፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሰው በረንዳ አዞሩለት። ያም ሆኖ ሰውም ከብቱም በጎኑ ያልፍ ነበር። ኩባንያው ማዕድን አጥቶ ሲሄድ ቤቱ የምስለኔው መኖሪያ ተባለ። ከግድግዳው ግራና ቀኝ፣ አንዱ እስከ ገደሉ፣ አንዱ እስከ ወንዙ ሽቦ ተወጠረ፤ መቃብሩ ከሽቦው ወዲያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለሸረፋ ሰላም የሚለው ጠፋ።

ምስለኔ ያረጋል ጃንጥላ ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉ። "ምንድን ነው ግርግሩ?"

"ቀብር ነው፣ ጌታዬ። ቢያልፉ…"

"ነገ የአውራጃው ገዥ ይመጣሉ። ግቢዬን ጭቃ ሊያደርጉልኝ ነው? በወንዙ ይዙሩ።"

"ወንዙ ሞልቷል።"

"እንግዲያው እስኪጎድል ይጠብቁ። ሬሳ አይቸኩልም።"

"እኛ ዘንድ ይቸኩላል" አሉ ሰይዶ።

ምስለኔው ወደ ሸረፋ ዞሩ። "አንተም ከነሱ ከሆንክ ዘበኛ ሞልቷል።" ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ ጓሮ ተመለሱ።

"ሸረፋ፣ አንተስ ስትሞት በየት እናሳልፍህ?" አሉ ሰይዶ። "በሽቦው ላይ እንወርውርህ?"

"መጀመሪያ ቀባሪ ያግኝ" አለ አንዱ ተሸካሚ።

ሸረፋ ወደ ሳሎኑ ገብቶ ወደ መቃብሩ የሚያወጣውን የጓሮ በር ከፈተ። ተመልሶም የፊቱን ባለሁለት ተከፋች በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

"በዚህ ግቡ።"

ተሸካሚዎቹ የሚያብረቀርቀውን ወለል አይተው ደፉ ላይ ቆሙ። ከፊት የነበረው የሟቿ ልጅ ሙሀመድአወል፣ ልማድ ሆኖበት፣ ጭቃ የተለጠፈበትን እግሩን ደፉ ጠርዝ ላይ መጥረግ ጀመረ።

"አትጥረግ፤ ግባ" አለው ሸረፋ።