ምስማር የማይመታበት ቤት

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት አራዳ የነጭ ሰፈር ይሆናል ተባለና አገሬው ዕቃውን እየተሸከመ ወደ ምዕራብ ተነዳ። ልብስ ሰፊው ቀለመወርቅ የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሚስቱ ተናኘ የመስታወት መስኮቷን በጀርባዋ አዝላ ኮልፌ ደረሱ። መስኮቱን ከነእንጨቱ ነቅላ ነው ያመጣችው። «ቤቱን ልቀቁ አሉ እንጂ ስለ መስኮት ያነሳ የለም» አለች።

የተከራዩት ክብ የሳር ቤት የወይዘሮ ጉዲቱ ነው። እሷ ከጓሮ ወዳለችው ትንሽ ጎጆ ገባችላቸው። ባሏ ቦሩ ከዘመቻው አልተመለሰም፤ ሞተ ብሎ መርዶ ያመጣም የለም። አብረውት ከዘመቱት አንዱ ቆስሎ አየሁት አለ። ሌላው ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው አለ። ሦስተኛው ቦሩ የሚባል ሰው አላውቅም አለ። ጉዲቱ ሦስቱንም አብልታ ሸኘቻቸው።

የቤቱ ጉልላት ላይ አንድ ገንቦ ተደፍቷል። ቤቱ ያለቀ ዕለት ቦሩ በገዛ እጁ ያወጣው ነው። በጉዲቱ ዘመዶች ወግ አባወራው በሕይወት እስካለ ያንን ገንቦ የሚነካው የለም፤ የሞተ ቀን ወርዶ ደጃፉ ላይ ይሰበራል፣ ለቅሶውም ያኔ ይጀመራል። እንግዲህ ገንቦው ካለ ቦሩ አለ። ጉዲቱ ጠዋት ከጎጆዋ ስትወጣ ሌላው ሰው ሰማዩን አይቶ ዝናቡን ይገምታል፣ እሷ ገንቦውን አይታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ውሉ በቃል ነበር።

«ምስማር አይመታም» አለች ጉዲቱ።

«እሺ እትዬ።»

«ግድግዳው አይለሰንም። የቦሩ ምርጊት ነው። ምሰሶው አይፋቅም፣ ምድጃው ካለበት አይነሳም። ሲመጣ የሌላ ሰው ቤት መስሎት እንዳይመለስ።»

«መስኮትስ?» አለች ተናኘ።

ጉዲቱ ተናኘ በጀርባዋ ያዘለችውን ዞራ አየች። «ቤቱ በር አለው» አለች።

ስለ ገንቦው አላነሳችም። ቤት ተከራይቶ ጣራ ጫፍ ላይ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ባልና ሚስቱ ደግሞ የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ጣራ ላይ ያለ ገንቦ ዝናብ የሚከለክል ገንቦ ነው።

ተናኘ ቤቱን ያለ ምስማር ማስጌጥ ያዘች። ቀለመወርቅ አቡጀዲ ቀደደላት፤ ከአሮጌ ጋዜጣ የተቆረጡ ሥዕሎችን በላዩ ላይ በልል ስፌት ሰፋበት። መርከብ አለ፣ ፈረስ ግልቢያ አለ፣ ሳሙና ይዛ የምትስቅ ፈረንጅ አለች። አቡጀዲውን ከጣራው እንጨት ላይ በገመድ አንጠልጥለው ዙሪያውን ጋረዱት። መስኮቱን መሬት አስቀምጠው ግድግዳውን አስደገፉት፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጭቃ ብቻ ሲሆን ጊዜ ተናኘ ከኋላው የባሕር ሥዕል ከተተችበት።

ጉዲቱ ልታይ መጣች። አቡጀዲውን ገልጣ፣ የልጅ ትኩሳት እንደምትለካ ሁሉ፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«አልነካችሁትም» አለች።

«አልነካንም።»

«ከመስኮቱ ውጭ ያለው ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው እትዬ።»

«ለኮልፌ ይርቃል» አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ግን ምክንያት እየፈለገች ትመጣና መስኮቱ ፊት ትንሽ ትቀመጥ ነበር። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቦሩ የሄደበት አገር ባሕር እንዳለው። ቀለመወርቅ ሳያውቅ አለው አላት።

ነሐሴ ላይ ውሃው ምሰሶውን ተከትሎ ይወርድ ጀመር። አቡጀዲው ላይ ያለችው መርከብ ራሰች። ቀለመወርቅ መሰላል አስደግፎ ወጥቶ ሲያይ ገንቦው ተሰንጥቋል። ቅዳሜ፣ ጉዲቱ ገበያ በሄደች ጊዜ፣ ገንቦውን እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደና ደጃፉ ላይ፣ ጭድ አንጥፎ፣ አስቀመጠው። በቦታው የሚደፋ ትልቅ የቲማቲም ሳልሳ ጣሳ ከጣሳ ሻጮች ሊያመጣ ሄደ።

«ትቆጣ ይሆን?» ብላው ነበር ተናኘ።

«ምስማር አልመታበትም። ስንለቅ አውርደን የእሷን እንመልሳለን።»

ተናኘም ሥዕሎቹን ፈትታ ጭቃ የነካውን አቡጀዲ ልታጥብ ወንዝ ወረደች።

የቦሩ አጎት አባባ ባጫ በዚያ ሲያልፉ ቀና አሉ። ጉልላቱ ራቁቱን ነው። ገንቦው ወርዶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ መርዶ የለም። መርዶ ነጋሪው ገንቦውን አውርዶ ጉዲቱን ሊፈልግ ሄዷል ብለው አሰቡ፤ የቀረው የዘመድ ድርሻ ነው። በከዘራቸው ገንቦውን መትተው ሰበሩና ጮኹ።

ኮልፌ ያን ጊዜ ሜዳ ስለነበረ ጩኸት የሚያግደው የለም። ጉዲቱ ከገበያ ስትመለስ ጎረቤቷ ሰርኬ መንገድ ላይ አገኘቻት። ሰርኬ የጉዲቱን ሸክም ከጀርባዋ አወረደችና አለቀሰች።

«ማን መጣ?» አለች ጉዲቱ። ማን ሞተ አላለችም። «ማን ነው የመጣው? ምን አላችሁ?»

የቤቱን ደጃፍ ሰው ሞልቶታል። ቀና ብላ ጣራውን አየች።

አልጮኸችም። በሰዉ መሀል አልፋ ደጃፉ ላይ ተንበረከከችና ስብርባሪውን አንድ በአንድ እየለቀመች በቀሚሷ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከቤት ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ ጀመረች።

«ቤትህን እንዳለ ጠበቅሁልህ፣ ቦሩ። ምስማር እንኳ አላስመታሁበትም። የእጅህን ምርጊት ኖራ አላስነካሁትም። እኔ ጓሮ ገብቼ እሱን እንዳለ አቆየሁልህ። ምን ጎደለብህና ቀረህ?»

ይህን የሰሙ ወንዶች ፊታቸውን አዞሩ።

ቀለመወርቅ ጣሳውን አቅፎ የደረሰው ይሄኔ ነው። ጣሳው ላይ ቀይ ቲማቲም ተሥሏል። ከዳር የቆመውን ሰው «ማን ሞተ?» አለው።

«የዚህ ቤት አባወራ።»

ቀለመወርቅ ለአፍታ ራሱን አሰበ። ቀጥሎ የተሰበረውን ገንቦ አየ። «ገንቦውን እኮ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያፈስ ነበር።»

ለቅሶው ቆመ። ወሬው ያልደረሳቸው ሁለት ሴቶች ከኋላ ትንሽ ቀጠሉ።

አባባ ባጫ ከዘራቸውን መሬት ጥለው ተቀመጡ። «ልጄ፣ መርዶ አልመጣም። ቦሩ አልሞተም» አሉ።

«አሁን አልቅሼለት?» አለች ጉዲቱ።

«ስህተት ነው። ሌላ ገንቦ እናወጣለን።»

«ማን ያወጣዋል አባባ? የሚያወጣው እሱ አይደለም?»

አባባ ባጫ ከዘራቸውን አንስተው ተነሡ። ሰዉ ተራ በተራ ሳይሰናበት ሄደ። ለቀስተኛ ሲወጣ የሚለው አለው፤ ሞት የሌለበት ለቅሶ ላይ ግን ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ጎጆዋ ደጅ ተደፉ። ጉዲቱ ብቅ አለች።

«ድንጋዩን አውርዱና ጣሳውን አምጡ» አለች። «ጣሳ ገንቦ አይደለም፤ ማንም ቢያወጣው ወግ አያፈርስም። ምስማር ግን እንዳትመታበት። ዝም ብለህ ድፋው። ሲመጣ አውርዶ የራሱን ያወጣል።»

ያልተቸነከረ ጣሳ ደግሞ ነፋስ አይችልም። ከወጨጫ ተራራ በኩል በነፈሰ ቁጥር ግቢው ውስጥ እየተንኳኳ ይንከባለላል፤ ቀለመወርቅም መቀሱን አስቀምጦ መሰላሉን ያነሳል። የሰፈሩ ግማሽ ቦሩ አለ ይላል፣ ግማሹ ተለቅሶለታል ይላል። ጉዲቱ ጥቁር አልለበሰችም፤ ፀጉሯንም አልተሠራችም። ጠዋት ስትወጣ አሁንም ቀና ትላለች። ጣሳው ካለ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ከሌለ እስኪመለስ ደጅ ላይ ትቆማለች። መስኮቱ ፊት መቀመጥ ግን ተወች።

ጣሊያን ሲወጣ ባልና ሚስቱ ወደ አራዳ ሊመለሱ ዕቃ ጠቀለሉ። አቡጀዲው ሲወርድ የቦሩ ግድግዳ የጣቶቹ ፈለግ ሳይቀር እንደነበረ ነው። ተናኘ መስኮቱን ልተውልዎት ብትላት ጉዲቱ «ቤቱ በር አለው» አለቻት።

ቀለመወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ ጣራው ላይ ሆኖ ቁልቁል ጠራት። «እትዬ፣ በአንዲት ምስማር ላስይዘው? ከእንግዲህ ማን ይወጣልዎታል?»

«አይሆንም» አለች። «ውረድ።»

ሌላ ተከራይ ሲመጣ ሥራህ ምንድን ነው፣ ስንት ልጅ አለህ አትልም። በሩ ላይ አስቁማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ጣራ ላይ መውጣት ትችላለህ?»