የመፍተያ ክፍል መስመር

ደግሞስ ማን አባቱ ነው የግራፉ መስመር አንድ ብቻ ይሁን ያለው፣ አለቃዋ ነው ያለው፣ ይበል፣ አማካዩን አውጪና ጨርሺ፣ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የሚያየው እሱን ነው፣ ሰው አታወዛግቢ። እሺ ብላለች። አፏ ነው እሺ ያለው። እጇ አሁንም ኪቦርዱ ላይ ነው፣ ቢሮው ለምሳ ወጥቶ ባዶ ሆኗል፣ ማተሚያ ማሽኑ ብቻ ሥራ ሳይኖረው ያጉረመርማል፣ እሷም እንደሱ፣ በሆዷ።

ፊቷ ያለው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች በየዓመቱ የሚመረመሩት የጆሮ ምርመራ ውጤት ነው፣ በየረድፉ አንድ ክፍል፣ መፍተያ፣ ሽመና፣ ማቅለሚያ፣ መጋዘን፣ ዓመታቱ ደግሞ እንደ አጥር እንጨት ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሶፍትዌሩ እንዲህ በጎኑ የተኛ ሰንጠረዥ አይወድም። ዓመቱን ሁሉ ሰብስበሽ ቁልቁል አውርጂልኝ ባይ ነው፣ ክፍሉ በአንድ ዓምድ፣ ዓመቱ በአንድ፣ ውጤቱ በአንድ። ጠዋት አወረደችው። ሳለችውም። ጉድ ወጣ፣ የመጋዝ ጥርስ፣ ላይ ታች ላይ ታች፣ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ ሳቀ፣ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው እንዴ፣ የሙከራ ጊዜሽ እንኳ ሳያልቅ።

ጥፋቱ የሷ ነው፣ አትክድም። የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አልነገረችውም፣ ማሽን ምን ያድርግ፣ የመጋዘኑን ከመፍተያው፣ የመፍተያውን ከማቅለሚያው ቀጣጠለው፣ ዘመድ ከባዳ ሳይለይ። አንድ ትእዛዝ ነው የጎደለው። በክፍል ለይ። ትጽፈዋለች። ትጫነዋለች።

አራት መስመር።

ሦስቱ ተደጋግፈው ይሄዳሉ፣ እንደ ጓደኛሞች፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ሲል ሌላው ከፍ። ቀይዋ ግን ከነሱ እኩል ተነስታ ቁልቁል፣ አሁንም ቁልቁል፣ ደረጃ ላይ እንደተለቀቀች ኳስ። ቀይዋ መፍተያ ክፍል ናት።

እማዬ የምትሠራበት።

ባልደረቦቿ ራዲዮ ነው የሚሏት እማዬን፣ ስትናገር ሦስተኛ ቤት ይሰማል፣ ቴሌቪዥን ስትከፍት ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤት መጥቶ እባካችሁ ራዲዮዋን ቀንሱልን ሲል እሷም አብራ ትስቃለች፣ ቀልዱን ሰምታ ነው ወይስ ሰው ሲስቅ አይታ። ዛሬ ጠዋት ደህና ዋይ እማዬ አለቻት፣ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች፣ ዝም፣ ተቀይማኛለች ብላ ስታብሰለስል መንገዱ አለቀ። ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የእናቷ ቃል ይሄ ነው፣ ምን ትንሾካሾኪያለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ፣ ከኔ ሆድ እንዴት እንዳንቺ ዓይነት ድምፅ የሌላት ወጣች። እሷም አመነች። ክፍል ውስጥ እጇን ሳታወጣ፣ ሱቅ ሄዳ የምትፈልገውን በጣቷ እያሳየች አደገች፣ ድምፅ የለኝማ። ነበረኝ። ለካ ነበረኝ።

አማካዩንም ትስለዋለች፣ ለማየት ያህል። ቀጥ ያለ፣ ጨዋ፣ ትንሽ ብቻ ያዘነበለ መስመር። ደህናዎቹ ሦስቱ ቀይዋን መሀል አስገብተው ጋርደዋታል። ለመፍተያ ክፍል የጆሮ መከላከያ ይገዛ አይገዛ ዛሬ ይወሰናል፣ ይሄን ያየ ሰው ለምኑ ይገዛል፣ ሁሉ ሰላም ነው፣ ቀጣዩ አጀንዳ።

ይሄን ሁሉ ቀለም ማን አዘዘሽ። አለቃዋ ነው፣ ከምሳ ተመልሷል፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። አማካይ ውሸት አይደለም ይላል፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ለራስሽ ብዬ ነው፣ የሙከራ ጊዜሽን አስቢ። ታስበዋለች። ሥራ የሌላት ሆና ቤት ስትገባ ታስበዋለች፣ እናቷ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ስትላት። እውነቱን ነው፣ አማካዩ ውሸት አይደለም። ግን አማካዩ ከማንም ጋር አይኖርም፣ ደህና ዋይ ስትለው ዝም አይልም።

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ የከፈተችው አማካዩን አይደለም፣ አራቱ መስመሮች ግድግዳው ላይ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ መነፅራቸውን ከፍ አድርገው ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት ይላሉ። አለቃዋ ይፈጥናል፣ እሷ ገና ያልተጣራች ናት ጌታዬ፣ ልጅቷ አዲስ ስለሆነች ነው። ከወንበሯ ትነሳለች።

መፍተያ ክፍል ናት፣ ትላለች። ማንም ቀና አይልም። ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር ሦስቴ ነው የምትለው፣ አንዴ እንደ ሰው፣ አንዴ ከፍ አድርጋ፣ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፣ ደረቷ ሁሉ የሚወጣበት። ዛሬ ሁለተኛውን ትዘለዋለች።

መፍተያ ክፍል ናት! ተጣርታለች! የሚሠሩት ሰዎች እየደነቆሩ ነው!

ቀስ በይ እንጂ፣ ይላል አለቃዋ ጆሮውን ይዞ፣ እኛ አልደነቆርንም እኮ።

አዎ፣ ትላለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ እናንተ አልደነቆራችሁም።