የኔ ያለ ያጥባል

በላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ባለው የኪራይ ቤት ጋራዥ ውስጥ ሕግ አንድ ናት፤ «የኔ» ያለ ሰው የዚያን ቀን ሳህን ያጥባል።

ሕጓን ያመጣችው አስካል ናት። በወጣትነቷ እስራኤል አገር በአንድ ኪቡጽ፣ ሁሉ ነገር የጋራ በሆነበት የእርሻ መንደር፣ ወጥ ቤት ስትሠራ፣ መሥራቾቹ ሽማግሌዎች ድንጋይ ለቅመው፣ በሸሚዝ እንኳ የኔ ያንተ ሳይባባሉ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ መንደሩን እንዴት እንዳቀኑት አጫውተዋታል። ኋላ ልጆቻቸው ሁሉን ተከፋፈሉት፤ የጋራው መመገቢያ አዳራሽም ተዘጋ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ቬጋስ መጥታ፣ ቤቱን አብረዋት የተከራዩት ሰዎች በካዚኖ ሺፍት ተበታትነው ለየብቻ ሲበሉ ብታይ፣ መኪናቸውን ውጭ ፓርክ አስደርጋ ጋራዡ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዘረጋችላቸው።

እሁድ ምሳ ላይ አከራያቸው ጋሽ ዓምደሚካኤል በሩን በርግደው ገቡ።

«ጋራዡን ለሌላ ላከራየው ነው፤ ዛሬውኑ ልቀቁ!»

«የተከራየነው ከነጋራዡ ነው» አለች አስካል ከወንበሯ ሳትነሳ። «ዓይኔ እያየ ሁለተኛ አዳራሽ አይዘጋም!»

«ምን ዓይነቷ ደፋር ናት! ጋራዡ የኔ አይደለም እንዴ?»

በላተኛው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። አስካል ቀስ ብላ ተነሳች፤ ሽርጧን ፈታ አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው።

«ይኸው ጋሽዬ፣ ሳህኑ እዚያ ነው።»