አሥራ አንድ የመዳብ ስፌት

«ይሄ ምንድን ነው?»

ማዳም ኑሪያ የነጠላውን ጫፍ ይዘው ሲያራግፉት ሰማያዊ ሐረግ የተሳለበት የቻይና ጎድጓዳ ሳህን ከውስጡ ወጥቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ውብነሽ የበረኪናውን ባልዲ እንዳንጠለጠለች የክፍሏ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

«ሳህኑ ነው፣ ማዳም።»

«ሳህን መሆኑንማ አየሁት! ከቻይና የመጣውን ሁሉ ጣዪ አላልኩሽም? አንቺ ክፍል ምን ይሠራል? ሐራሚ!»

ሌባ ማለታቸው ነው። አርዲያ ሰፈር ባለው በዚህ የዓረብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ የወደቀ የጆሮ ጌጥ እንኳ አንሥታ መልሳለች። ይህ ቃል ግን ለእሷ ተብሎ አያውቅም።

ኮሮና ከገባ ወዲህ ማዳም በሽታው በቻይና ዕቃ ጭምር የሚመጣ እየመሰላቸው እንቅልፍ አጥተዋል። ማራገቢያውንም፣ የእንጨት ሣጥኑንም፣ ማሰሮውንም በጥቁር ፌስታል አስጨምረዋል። ውብነሽ ሁሉንም ታዘዘች። የመርከብ ካፒቴን የነበሩት የማዳም አያት ከቦምቤይ ያመጡትን ይህን ሳህን ግን እጇ እምቢ አላት። ሦስት ቦታ ተሰብሮ በአሥራ አንድ የመዳብ ሽቦ የተያዘ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳሎኑ ባለ መስታወት ቁምሣጥን ውስጥ ስንጥቁ ወደ ግድግዳ ዞሮ ሲቀመጥ ኖሯል። አባሲያ ሰፈር የፀጉር ሳሎን የምትሠራው ጓደኛዋ ብርቄ በስልክ፣ «ውቤ፣ ለሰባራ ሳህን ብለሽ በሌብነት ተጠርዘሽ አገርሽ ልትገቢ ነው?» ብላ ስቃባት ነበር።

ውብነሽ ግን ስለ ሳህኑ በጆሮዋ የሰማችው ነገር ነበር። የማዳም ልጅ ለይላ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት ከሆነ ጀምሮ እሷ ሳሎን ስትማር ውብነሽ አጠገቧ ልብስ ትተኩሳለች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው ሴት ወድቆ እንደገና የተሠራውን የኢስታንቡል ጉልላት፣ የኢስፋሃንን ሰማያዊ ሸክላ፣ የግራናዳን የተቀረጸ ጣሪያ በዚያው ተማረች። መምህሯ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያነሡ ቀን ካውያውን ልብስ ላይ እንደተወች አማተበች፤ የለይላ ቀሚስ ለጥቂት ተረፈ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ተራው የቻይናና የሰባራ ሸክላ ጥገናዋ ነበር።

«ዩማ፣ ጩኸትሽ እኮ ለተማሪው ሁሉ ተሰማ!» ለይላ ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ እናቷ መጣች።

«ቆይ፣ ለይላ፤» አሉ መምህሯ ከስክሪኑ ውስጥ። «ያ ሳህን ምንድን ነው?»

«ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ አሮጌ ዕቃ ነው።»

«አልታሰረም፤» አለች ውብነሽ፣ አፏን ሳትይዘው። «ተሰፍቶ ነው።»

ማዳም ዞር አሉ። «እሷን ማን ጠየቃት?»

«ይናገሩ፣ እህቴ፤» አሉ መምህሯ።

«ሰኞ ለታ እንዳሉት ነው። ጠጋኞቹ በትንሽ መሰርሰሪያ ውፍረቱን እስከ ግማሹ ብቻ ይበሱታል፤ ሽቦው ከውጭ ይነክሳል እንጂ አያልፍም። ሳጥበው ውስጡን በጣቴ ዳስሻለሁ፣ ቀዳዳ የለውም። እናቴም የተሰነጠቀ ቅል እንዲህ ትሰፋ ነበር። ሰው ይህን ያህል የደከመበትን መጣል ከበደኝ፣ ማዳም። ልሰርቅ አይደለም።»

«ሰባራ ያው ሰባራ ነው!»

«እንግዲያው ውሃ ይሙሉበት። አንዲት ጠብታ ካፈሰሰ ሳህኑንም እጥላለሁ፣ እኔም ሻንጣዬን እይዛለሁ።»

ይህን ትበል እንጂ ውሃ ሞልታበት አታውቅም። ለይላ ሳህኑን ነጭ ሶፍት ላይ አስቀምጣ እስከ አፉ ሞላችው። ውብነሽ በልቧ «እመቤቴ፣ አደራሽን» አለች። ማዳም ጥቂት ጠበቁና ሳህኑን አንሥተው ሶፍቱን ዳበሱ፤ በጀርባውም ዳበሱት።

ደረቅ ነበር።

«ሱብሃነላህ!» አሉ።

ከላፕቶፑ ጭብጨባ ፈነዳ። «የት ነው የተማሩት፣ እህቴ?» አሉ መምህሯ።

«እርስዎ ዘንድ። ካውያ ይዤ።»

ማዳም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ያን ቃል… ከአፌ እንዳልወጣ ቁጠሪው፤» አሉ። «ፌስታሉስ? ሄደ?»

«ጋራዥ ነው፣ ማዳም። ከሰዓት እላፊው ወዲህ የቆሻሻ መኪናው አልመጣም።»

«በይ ያላ፣ ሁሉንም መልሺው!»

ውብነሽ ሣጥኑንም ማራገቢያውንም ማሰሮውንም በየቦታቸው መለሰች። ሳህኑን መጨረሻ ላይ አስገባችው፤ እጇም እንደ ልማዱ ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዞረው። ቁምሣጥኑን ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። እጇን መልሳ ሰደደችና፣ አሥራ አንዱ የመዳብ ስፌት ከበሩ ለሚገባ ሰው ሁሉ እንዲታይ ሳህኑን ወደ ፊት አዞረችው።