ማቴዎስ የተቀመጠበት ወንበር

ጥፋቱ የውድነሽ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን የፈጠራ ስሞች እያወጣች እውነተኛዎቹን አስገባች፤ እናቷም የሞተው ልጇ በሕይወት እንዳለ አመነች።

መጽሐፉን ያመጡት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ቴፒ አጠገብ ባለ የቡና እርሻ ሾፌር ነበሩ። ለሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ ሚዛን ተፈሪ ለምትኖር ውድነሽ ለምትባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ አድርስልኝ ብሎ ሰጣቸው። እሳቸውም በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከመኪናው ወንበር ሥር ከክሪኩ ጎን ሸጉጠው፣ ሦስት ኬላ አሳልፈው አመጡላት። ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው። የሃይማኖት መጽሐፍ ይዞ መገኘት ለማንም አይመከርም።

ላኪዋ ሚስ ኤድና ነበረች። ሚዛን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሚሲዮን ነርስነት ሠርታለች፤ ከውድነሽ ታላቅ ወንድም ከማቴዎስ ጋርም ወንጌልን ወደ ቤንችኛ ስትተረጉም ኖራለች። በ1970 በሁለት ቀን ውስጥ ከአገር ውጪ ተባለች። ሰኞ ሄደች፤ ረቡዕ አብዮት ጠባቂዎች ማቴዎስን ከሚሲዮኑ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ከእሑድ ጀምሮ ቤት አልገባም ነበርና ሲወሰድ እናቱ አላየችም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሬሳ አልተሰጠም። እርምጃ ተወስዶበታል ያለ አንድ የቀበሌ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ፣ ሳይቆም። ልቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበር እናቱ ትርፌ ጥቁር ሻሽ አሰረች፤ አሥር ዓመትም ሳትፈታው ኖረች።

ከመጽሐፉ ጋር አንዲት አጭር ደብዳቤ ነበረች። ሚስ ኤድና ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷታል። ጡረታ ከወጣች በኋላ የድሮ ማስታወሻዎቿን እያገላበጠች ለክርስቲያን አንባቢዎች ልብ ወለድ መጻፍ ጀምራለች፤ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ስሞቹን ለውጫለሁ፣ የቀረውን ግን ታውቂዋለሽ ትላለች። ውድነሽ ደብዳቤዋን አንድ ጊዜ አንብባ አጠፈቻት። ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምራለች፤ ሌላው ሰው አለመማሩ ትዝ አላላትም።

ጸሎት ቤቱ የቀበሌ መሰብሰቢያ ከሆነ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ አምስት ስድስት ሰው ትርፌ ቤት ይጸልያል። መጽሐፉ የተነበበው ከጸሎት በኋላ ነው፤ ጎረቤታቸው እታገኝና ለእሑድ ከእርሻው የሚመጡት ጋሽ ታፈሰ ባሉበት። ውድነሽ እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ትናገራለች፤ እናቷ ግራ ሲገባት ደግሞ በቤንችኛ ትደግምላታለች። ቶሎ ጨርሳ መገላገል ነበር ሐሳቧ።

«ስምዖን ደግሞ ማነው?» አለች እናቷ ገና በሁለተኛው ገጽ።

«ማቴዎስ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማቴዎስ በያ።»

በየመስመሩ ማነው እየተባለች ከምትቆም ማቴዎስ ማለት ቀለላት። ወንዙንም በስሙ ጠራችው፤ ገበያውንም፣ ክሊኒኩንም። መጽሐፉ ስምዖንን ቁመተ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ ያደርገዋል።

«ማቴዎስ ነው ረጅም? የኔን አጥር መዝለል አቅቶት ሱሪውን የቀደደው?» አለች እታገኝ።

«ተዪው፣ ፈረንጅ አገር ቁመት በነፃ ነው» አሉ ጋሽ ታፈሰ። ትርፌ ሳቀች። ልጅየው ከተወሰደ ወዲህ ስሙ ተጠርቶ በዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ የስምዖን እናት በወባ ትሞታለች። የውድነሽ ዓይን ቀድሞ አየውና ሦስት ገጽ አንድ ላይ ገለጠች። እናቷ ጎደሬ እየላጠች ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፤ ሞተሻል ብሎ ማንበብ አይቻልም። ማንም አላወቀባትም።

ስለዚህ መዝለል ትችል ነበር። በኋላ ራሷን ይቅር እንዳትል ያደረጋት ይህ ነው።

በአራተኛው እሑድ የመጨረሻው ምዕራፍ ደረሰ። ትንሿ አውሮፕላን ሣሩ ላይ ቆማለች። ፓይለቱ ክብደት በዝቷልና ወይ ሳጥኖቹ ይሂዱ ወይ ሰውየው ይላል። ሚሲዮናዊቷ ሳጥኖቿን አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ትወረውርና የስምዖንን እጅ ይዛ ትስበዋለች። ስምዖን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ውድነሽ ያን ቀን ሜዳው ላይ ነበረች፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። እንዲህ እንዳልሆነ ታውቃለች። ገጹን ግን አልዘለለችውም። ስሙን እየለወጠች አነበበችው። ማቴዎስ ተቀመጠ። ማቴዎስ ቀበቶውን አሰረ። ደኑ ከማቴዎስ እግር ሥር እያነሰ ሄደ። አሥር ዓመት ሙሉ እሷም ያንን ወንበር ስትመኝ ኖራለች፤ አንድ ጊዜ በጆሮዋ መስማት ፈለገች።

መጨረሻው ገጽ ላይ ናይሮቢ ውስጥ መጋቢ ሆኗል። ሚስት አግብቷል፣ ሁለት ልጆች ወልዷል።

ጋሽ ታፈሰ ተነሥተው የምስጋና ጸሎት አደረሱ። ውድነሽ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው ብትል የሰማት የለም። ጋሽ ታፈሰ ተቆጧት። ሚስ ኤድና ማለት ታመምኩ ብሎ ከሥራ የቀረን ዘበኛ በጉባኤ ፊት አስነሥታ ያናዘዘች ሴት ናት፤ እሷ ናት አሁን በስተርጅና፣ የጌታን ስም እየጠራች፣ ሐሰት የምትጽፈው?

ትርፌ በማግስቱ ጥቁሩን ሻሽ ፈታች። በእግሯ ሸዋ ቤንች ድረስ ሄዳ ለእህቷ አበሠረች። ለሚስ ኤድና ጻፊና አድራሻውን ጠይቂልኝ እያለች ውድነሽን መውጫ መግቢያ አሳጣቻት። ለልጅ ልጆቿ የሚላክ ኮረሪማ ማድረቅ ጀመረች። ስማቸውን መጽሐፉ አልጻፈምና ትልቁን ራሷ ስም አወጣችለት።

ሐሙስ ቀን ጋሽ ታፈሰ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ቀበሌ ጠርተው ጠይቀዋቸዋል፦ የትርፌ ልጅ ውጭ አገር ነው ይባላል፣ ማን ጋር ነው የሚጻጻፈው? አንደበቷን ሰብሰብ እንድታደርግ ንገሪያት አሉ። ውድነሽ የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ትታ በቀጥታ ወደ ቤት ሄደች። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ኮረሪማውን ከገለባው ትለያለች።

«እማዬ፣ ማቴዎስ አልሄደም።»

«ከናይሮቢ?»

«የትም አልሄደም። አውሮፕላኑ ላይ አልወጣም። ነበርኩ፣ አይቻለሁ።»

እናቷ ቀና ሳትል፣ ታዲያ መጽሐፉ ምን ሊያደርግ ይዋሻል ብላ ጠየቀች። ውድነሽ የተማረችው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አልሆነላትም። ሚስ ኤድና ቢሆን ኖሮ ብላ የተመኘችውን ነው የጻፈችው አለች።

«የሆነውስ?»

ነገረቻት። ከሚስ ኤድና ሌላ የነበረው አንድ ወንበር ነው። ሳጥኖቹ ውስጥ የሚስ ኤድና የአሥራ አንድ ዓመት ማስታወሻና የቤንችኛ ቃላት የተጻፉባቸው የትርጉሙ ካርዶች ነበሩ፤ ካርዶቹን በአብዛኛው የጻፈው ማቴዎስ ነው። ፓይለቱ ሲያስመርጣት ሚስ ኤድና ፊቷን በእጆቿ ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ለማቴዎስ፣ ሐሙስ ሌላ አውሮፕላን ይመጣልሃል አለችው። አልዋሸችውም፤ የሚመጣ መስሏት ነው። ሳጥኖቹን ይዛ ሄደች። ያን መጽሐፍ የጻፈችውም ከእነሱ ነው።

ትርፌ እጇ ቆመ።

«ለመናት?»

«ለመናት።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሚስ፣ ካርዶቹን እኔ በቃሌ አውቃቸዋለሁ› አላት።»

ውጭ ጎረቤት በሙቀጫ ትወቅጣለች። እናቷ የያዘችውን ኮረሪማ ወደ ገለባው መለሰችው።

«ሳጥኖቹ ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«ብቻዋን አላነሣቻቸውም።»

«አላነሣቻቸውም።»

«ማን አቀበላት?»

ፓይለቱ ማለት ይቻል ነበር። እናቷም ታምናት ነበር። በዚያ ወር ግን ውድነሽ ለእናቷ ያነበበችላት ሐሰት ይበቃ ነበር።

«እኔ» አለች። «አቀብዪኝ አለችኝ፣ አቀበልኳት። አራቱንም።»

ትርፌ የልጇን እጆች አየች። አልሰደበቻትም፤ አላለቀሰችም። ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ የሚል አንድ ቃል ውድነሽ ጠበቀች። አሥር ዓመት የጠበቀችው እሱን ኖሯል። እናቷ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች። ቀሚሷ ላይ የቀረውን ገለባ አራገፈች። ወጣችና፣ በሽተኛ የተኛበት ቤት እንደሚዘጋው፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።