የቢሻው ክምር

ቢሻው ደጉን የጠላው አዲስ ቦቲ ጫማ በደጉ እግር ላይ ሲገባ ባየ ዕለት ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ዳንግላ አጠገብ በተከፈተው የእርሻ ጣቢያ፣ አሳማ ለመጠበቅ መጀመሪያ የተቀጠረው እሱ ነበር። ጎረቤት «የርኩስ እረኛ» እያለ ሲያላግጥበት የቻለ እሱ፤ ሚስቱ ዋጋዬ ገላህን ሳትታጠብ ደጄን አትረግጥም ስትለው የቻለ እሱ። ደጉንም ከዘንገና አምጥቶ ሥራ ያስያዘው፣ አካፋ አያያዝ ያሳየው እሱ ራሱ ነው። ታዲያ የጣቢያው ባለሙያ አቶ ሀብቱ ከአዲስ አበባ አንድ ጥንድ ቦቲ ይዘው ሲመጡ ለማን ሰጡ? ለደጉ! እግሩ ተሰነጣጥቋል ብለው። የቢሻው እግር ብረት ነው እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ደጉ ሲስቅ ቢሻው ያርረዋል፤ ደጉ ዝም ሲልም ያርረዋል። አቶ ሀብቱ «ደጉ፣ ና እስቲ» ባሉ ቁጥር አካፋውን መሬት ላይ ይወረውራል።

ክረምት ሲገባ አቶ ሀብቱ ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎችን ለሁለቱ አካፈሏቸው።

«መኖው አንድ ነው፤ ፈጭታችሁም ሆነ ቀቅላችሁ አብሏቸው። የሚበሉትም፣ የሚጥሉት እዳሪም በየቀኑ ይመዘናል። ሚዛን የመሰከረለት የበረቱ ኃላፊ ይሆናል» አሉ።

ቢሻው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ምኑ ይጠየቃል? ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ልጃቸውን ለመዳር ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያዩት የሰውየውን ጓሮ ነበር፤ የእበት ክምሩ ትልቅ ከሆነ ከብቱ ጠግቦ ያድራል፣ ቤቱም ሙሉ ነው። ጠግቦ የበላ ብዙ ይጥላል። ይህን የማያውቅ ገበሬ አለ?

ታዲያ የመጀመሪያው ቀን እዳሪው በባልዲ ሲመዘን የደጉ ባልዲ ከሱ ባልዲ ከብዶ ሲያይ ዓለም ዞረችበት። ቦቲውንም፣ ኃላፊነቱንም? ይህማ አይሆንም!

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ደጉን ቀድሞ ደረሰ። አካፋው ድንጋይ ነክቶ ዘበኛውን እንዳይጠራበት ፈራና እጁን ሰደደ። በእንጨት እንኳ ሲነካው የሚያቅለሸልሸው ሰው ከደጉ በረት እዳሪውን በባዶ እጁ እየዛቀ ወደ ራሱ በረት አጋዘ። ቅናት አፍንጫ የለውም መሰል፣ ምንም አልሸተተው። እንዲህ ሲያደርግ ከረመ። ባልዲው በየቀኑ ጢም ይላል፤ የደጉ ግን እየቀለለ ሄደ።

«ጋሼ ቢሻው፣ የኔዎቹ ምን ነክቷቸው ይሆን? ይበላሉ፣ የሚጥሉት ግን የለም» አለው ደጉ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ፀባያቸው ነዋ። ምን ታደርገዋለህ» አለ ቢሻው። ልቡ ቅቤ ጠጣች።

የምዘናው ጊዜ ሲያበቃ አቶ ሀብቱ ሁለቱን ሚዛኑ ዘንድ ጠሯቸው። ቢሻው ጋቢውን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። እሳቸው ግን አልፈውት የደጉን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«ጎበዝ! ግልገሎችህ የበሉትን ሁሉ ሥጋ አድርገውታል፤ የሚጥሉት የለም ማለት ይቻላል። የቢሻው ግን እንደ ገባ ነው የወጣው። ያ ሁሉ መኖ ከንቱ ቀረ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ የኔ እኮ ብዙ ነው!» አለ ቢሻው ወደ ባልዲው እየጠቆመ።

«እሱማ ነው ጥፋቱ! ከነገ ጀምሮ ደጉ እንዴት እንደሚያበላ ያሳይሃል።»

ቢሻው ክው አለ። አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ይበል? የአሳማ እዳሪ በእጄ ስዝቅ ከረምሁ ይበል? ዋጋዬ ብትሰማ ከዚያ እጅ ጋር አንድ ትሪ ላይ ትቀርባለች? እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ማታ ወደ ቤት ሲነሳ ደጉ ከኋላው እየሮጠ መጣ፤ አዲስ ቦቲ ተጫምቷል፣ አሮጌውን አንጠልጥሏል።

«ለኃላፊነቱ ሌላ ሰጡኝ። ይህን እርስዎ ያድርጉት፣ ጋሼ። ድሮም ቀድሞ ለእርስዎ ነበር የሚገባው፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ።»

ቢሻው ጭቃው መሐል ቆሞ እግሩን አስገባ። ልኩ ነበር። ደጉን አመሰገነውና፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በደረቅ እግር እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ።